የፈረሰውን የጠበቁ ሰው፦ ፕሮፌሰር ስታኒስዋፍ ሎሬንትስ (1899–1991)

በየቁምስናዎቻችን ዕቃ ቤት በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ አሮጌ ጽዋ፣ ጠርዙን ብል የበላው የብራና መጽሐፍ፣ ቀለሙ የደበዘዘ የእመቤታችን ሥዕል አይታጣም። ማን እንደ ሰጠው፣ ከየት እንደ መጣ የሚያውቁት አረጋውያን አንድ በአንድ ወደ ጌታ ሲሄዱ ዕቃው ስሙንም ታሪኩንም ያጣል። ይህን የመሰለውን ነገር የመጠበቅ ኀላፊነት የማን ነው? ሰው በሚራብበትና በሚገደልበት ዘመንስ ስለ ሥዕልና ስለ ጥርብ ድንጋይ መጨነቅ ተገቢ ነውን? በዚህ እትም የሕይወት ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ ፖላንዳዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅና የቤተ መዘክር ዳይሬክተር ከዚህ ጥያቄ ጋር ሃምሳ ዓመት ያህል የኖሩ ሰው ናቸው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን።

ስታኒስዋፍ ሎሬንትስ ኤፕሪል 28 ቀን 1899 ከዋርሶ በስተ ደቡብ በምትገኘው በራዶም ከተማ ተወለዱ። ያን ጊዜ ፖላንድ የምትባል አገር በካርታ ላይ አልነበረችም። ሩስያ፣ ፕሩስያና ኦስትሪያ በ1795 ሙሉ በሙሉ ተካፍለዋት ስለ ነበር የራዶም ልጆች የሩስያ ንጉሠ ነገሥት ተገዢዎች ሆነው ነበር የሚወለዱት። መንግሥትም ሠራዊትም ያልነበረው ሕዝብ ማንነቱን ጠብቆ የቆየው በቋንቋው፣ በቤተ ክርስቲያኑ፣ ከነገሥታቱም ዘመን በቀሩት ሕንፃዎችና ሥዕሎች ነው። ከሕንፃዎቹ ሁሉ ዋነኛው በዋርሶ የሚገኘው የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ነበር። ነገሥታቱ የኖሩበት፣ ሸንጎውም የተሰበሰበበት ቤት ነው፤ ሜይ 3 ቀን 1791 የፖላንድ ሕገ መንግሥት የጸደቀው በዚሁ ቤተ መንግሥት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ይህን ቀን አንባቢ ያስታውሰው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አገሪቱ በ1918 ነጻነቷን መልሳ ስታገኝ ሎሬንትስ የ19 ዓመት ወጣት ነበሩ። በዋርሶ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብን ታሪክ ተምረው በ1924 የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ። ብዙ የደከሙበትም ጥናት የ18ኛው ምዕተ ዓመት የፖላንድ የሕንፃ ጥበብ ነበር። ከመጻሕፍቶቻቸው መካከል ተቀምጠው በመምህርነት መኖር ሲችሉ በ1929 በሰሜን ምሥራቅ ወደምትገኘው ወደ ቪልኖ (የዛሬዋ የሊትዌንያ ዋና ከተማ ቪልኒየስ) የቅርሶች ተቆጣጣሪ ሆነው ሄዱ። የሥራቸው ድርሻ በሁለት አውራጃዎች የሚገኙትን አብያተ ክርስቲያናት፣ ገዳማት፣ ምኵራቦችና ግንቦች መመርመር፣ የተጎዱትም እንዲጠገኑ ማድረግ ነበር።

በቪልኖ ሳሉ ያጋጠማቸው አንድ ነገር በኋለኛው ሕይወታቸው ለሚመጣው ሁሉ መቅድም ይመስላል። በ1931 የጸደይ ወራት የከተማዋ ወንዝ ሞልቶ ወደ ካቴድራሉ ዘለቀ፤ ውኃው መሠረቱን ስላራሰውም ግድግዳዎቹ ተሰነጠቁ። መሠረቱን ለማጠናከር ሲቆፈር ከወለሉ በታች ለዘመናት የተረሳ የመቃብር ክፍል ተገኘ። በዚያም የፖላንድ ንጉሥና የሊትዌንያ ታላቅ መስፍን የነበረው የአሌክሳንደር አጽም፣ እንዲሁም የንጉሥ ዚግሙንት አውጉስት ሁለት ሚስቶች የኤልሳቤጥና የባርባራ ራድዚዊል አጽሞች ከነመቃብር ዘውዶቻቸው ነበሩ። ጎርፉ ካቴድራሉን ሊያፈርስ መጥቶ የጠፋውን አሳየ። የዘውዶቹም ታሪክ በዚህ አላበቃም፤ ጦርነቱ በጀመረበት በ1939 በካቴድራሉ ግድግዳ ውስጥ ተደበቁ። የደበቋቸውም ሰዎች ካለፉ በኋላ የት እንዳሉ ሳይታወቅ ቆይቶ፣ ከ85 ዓመት በኋላ በ2024 መጨረሻ ላይ ተገኙ።

ሎሬንትስ በ1935 ወደ ዋርሶ ተመልሰው በብሔራዊ ቤተ መዘክር ሥራ ጀመሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ዳይሬክተር ሆኑ። ይህ ቤተ መዘክር በ1862 የተቋቋመ ቢሆንም ለብዙ ዘመን የሚበቃው ቤት አልነበረውም። አዲሱ ታላቅ ሕንፃ ተጠናቅቆ የተመረቀው በጁን 1938 ነው። የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቁ ዳይሬክተር ሥዕሎቹን በየክፍሉ አሰናድተው ለሕዝብ ሊያሳዩ የቻሉት ለአሥራ አምስት ወራት ብቻ ነበር።

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 የናዚ ጀርመን ሠራዊት ፖላንድን ወረረ። ዋርሶ ተከብባ በአውሮፕላንና በመድፍ ትደበደብ ጀመር። ሴፕቴምበር 17 ቀን መድፉ በነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ላይ አነጣጠረ፤ ጣራውና የግንቡ ጫፎች ነደዱ፣ የታላቁ አዳራሽ ጣሪያም ከነሥዕሉ ተደርምሶ ወደቀ። በማማው ላይ የነበረው ሰዓት ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ቆመ። የቤተ መንግሥቱ ስብስቦች ጠባቂ የነበሩት ካዚሚዬርዝ ብሮክል በዚያ ቀን በሥራቸው ላይ እንዳሉ ተገደሉ።

ሎሬንትስ ከቤተ መዘክሩ ሠራተኞችና ከከተማው ሕዝብ ጋር ሆነው እሳቱና መድፉ ሳይበርድ ሥዕሎቹን፣ ምንጣፎቹን፣ ጌጠኛ ዕቃዎቹን ከቤተ መንግሥቱ እያወጡ ወደ ቤተ መዘክሩ ማጋዝ ጀመሩ። ቤተ መዘክሩ ራሱ እየተመታ ነበር። በዚያ መስከረም ዋርሶ ውስጥ መብራት የለም፣ ውኃ የለም፣ ሰዎች ሙታናቸውን በየአደባባዩ ይቀብሩ ነበር። ከተማይቱ ሴፕቴምበር 28 ቀን እጇን ሰጠች። በከበባው ወራት የሕዝቡ መከታ የነበሩት ከንቲባ ስቴፋን ስታዢንስኪም በወራሪዎቹ ተይዘው ኋላ ተገደሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ለመረዳት የወራሪዎቹን ሐሳብ ማወቅ ያስፈልጋል። ናዚዎች ፖላንድን ለመግዛት ብቻ አልመጡም፤ ሕዝቡ የተማረ ሰው፣ ታሪክና መታሰቢያ የሌለው ጉልበተኛ ሠራተኛ ሆኖ እንዲቀር ወስነው ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፤ መምህራን፣ ጠበቆችና ሐኪሞች ተገደሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩ ካህናት ታሰሩ፣ ከእነርሱም ብዙዎች በዳካው ማጎሪያ ሰፈር አለቁ። ቤተ መንግሥቱን ለማፍረስም ትእዛዝ ወጣ። በግድግዳዎቹ ላይ ድማሚት የሚቀበርባቸው በሺህ የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች ተቦረቦሩ፤ ወለሉ እየተነቀለ፣ የእምነ በረዱ ጌጥ እየተሰበረ፣ የሚጠቅመው ወደ ጀርመን እየተጫነ የቀረው ይጣል ነበር።

ሎሬንትስ በጀርመኖች ቁጥጥር ሥር በዋለው ቤተ መዘክር ውስጥ በሥራቸው ላይ ቆዩ። ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። በግልጽ ሲታዩ የወራሪው ታዛዥ ሠራተኛ ነበሩ፤ በስውር ደግሞ በለንደን የነበረው የስደት መንግሥት በአገር ውስጥ ባቋቋመው ኅቡእ አስተዳደር የባህል ክፍል ኀላፊ ነበሩ። የቤተ መዘክሩ ሠራተኞች ጀርመኖች የወሰዱትን እያንዳንዱን ሥዕል፣ ማን እንደ ወሰደውና መቼ እንደ ተጫነ እየጻፉ ይደብቁ ነበር። ያ ዝርዝር በቤታቸው ቢገኝ ቅጣቱ ሞት ነበር። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ግን የተዘረፉትን ለመፈለግና ለማስመለስ ያገለገለው እንዲህ ያለው መዝገብ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት መዝግቦ መያዝን እንደ ትርፍ ሥራ የምንቆጥር ሁሉ ይህን ብናስብ መልካም ነው።

ከዚህም ጋር ሌላ ሥራ ነበር። የሚፈርሰውን ቤተ መንግሥት ሊያድኑት አልቻሉም፤ ስለዚህ ስብርባሪውን ለማዳን ተነሡ። ሎሬንትስና ባልደረቦቻቸው፣ በማፍረሱ ሥራ ላይ የነበሩ ፖላንዳውያን ሠራተኞችም እየረዷቸው፣ የበር መቃኖችን፣ የእምነ በረድ ምድጃዎችን፣ የተቀረጹ የግድግዳ እንጨቶችን፣ የወለል ጣውላዎችን፣ የኖራ ጌጦችን ቁርጥራጭ እያወጡ በቤተ መዘክሩ ምድር ቤት አከማቹ። ከየክፍሉ ትንሽ ትንሽ ናሙና ካለ አንድ ቀን ያንኑ ክፍል እንደ ነበረ መሥራት ይቻላል ብለው አምነው ነበር። ያን ጊዜ የሂትለር ሠራዊት አብዛኛውን አውሮፓ ይዞ ነበር። ያ ቀን እንደሚመጣ የሚያሳይ አንዳች ምልክት አልነበረም።

እዚህ ላይ በመግቢያችን ያነሣነውን ጥያቄ መሸሽ አይገባንም። ሎሬንትስ የምድጃ ስባሪ በሚሰበስቡበት በዚያችው ከተማ ውስጥ ጀርመኖች አይሁድን ሁሉ በአጥር ከልለው በረሀብ ይጨርሷቸው ነበር፤ በ1942 በጋ ብቻ ከ250,000 በላይ የሚሆኑትን ወደ ትሬብሊንካ ወስደው ገደሏቸው። በየመንገዱ ሰዎች እየታፈሱ ይረሸኑ ነበር። በእንዲህ ያለ ዘመን ነፍስን ለድንጋይ አሳልፎ መስጠት ምን ይባላል? የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ቀላል መልስ አለው ለማለት አይደፍርም። አንድ የሰው ነፍስ ከቤተ መዘክር ሁሉ ይበልጣል፤ ይህ የእምነታችን ትምህርት ነው። ይሁንና ገዳዮቹ ራሳቸው ሰውንና መታሰቢያውን አንድ ላይ ነበር የሚያጠፉት፤ ምኵራቡን ከምእመኑ፣ መጽሐፉን ከመምህሩ ጋር ያቃጥሉ ነበር። ሎሬንትስና ጓደኞቻቸው ያደረጉት፣ በተሰጣቸው ሙያና በቆሙበት ቦታ ሊያድኑት የሚችሉትን ማዳን ነበር። ለዚህም የሌላውን ሳይሆን የራሳቸውን ሕይወት ነበር ያስያዙት።

ኦገስት 1 ቀን 1944 የዋርሶ ሕዝብ በወራሪው ላይ ተነሣ። ትግሉ 63 ቀናት ቆየ፤ ከ150,000 በላይ ሰላማዊ ሰዎች አለቁ። የቀሩት በሙሉ ከከተማው እንዲወጡ ተገደዱ፤ ከመቶ ሺዎች የሚበልጡት ያለፉት በስተ ምዕራብ ባለችው በፕሩሽኩፍ ከተማ በተቋቋመው የመሸጋገሪያ ሰፈር በኩል ነበር። ሂትለርም ባዶዋን ከተማ ቤት በቤት እያቃጠሉና በድማሚት እየደረመሱ ከምድረ ገጽ እንዲያጠፏት አዘዘ። በ1939 ከተቦረቦሩት ቀዳዳዎች ጋር ሲጠብቅ የነበረው ቤተ መንግሥትም በዚያን ጊዜ ፈነዳ። የቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራልም ፈረሰ።

እጅ የሰጡት ተዋጊዎች በተፈራረሙት ውል ውስጥ አንዲት አንቀጽ ነበረች፤ ሥነ ጥበባዊ፣ ባህላዊና ቤተ ክርስቲያናዊ ዋጋ ያላቸውን ዕቃዎች ማውጣት እንዲፈቀድ የምትል። ሎሬንትስ በዚህች አንቀጽ ተጠቀሙ። የቤተ መጻሕፍት፣ የቤተ መዛግብትና የቤተ መዘክር ባለሙያዎችን አሰባስበው በፕሩሽኩፍ ተቀመጡ፤ ከዚያም በክረምቱ ብርድ በየቀኑ ፈቃድ እየያዙ ወደምትቃጠለው ከተማ ይገቡ ነበር። ከፍርስራሹ ውስጥ መጻሕፍትን፣ መዛግብትን፣ ሥዕሎችንና ንዋያተ ቅድሳትን እየለቀሙ በሣጥን ያሽጉ ነበር። አፍራሾቹ በአንዱ ጎዳና እሳት ሲለቁ እነርሱ በሌላው ጎዳና መጻሕፍት ይሸከማሉ። የፕሩሽኩፍ ዘመቻ ተብሎ የሚታወሰው ይህ ሥራ እስከ ጃንዋሪ 1945 ቀጠለ።

ሁሉንም አዳኑ ማለት አይደለም። ከየቤተ መጻሕፍቱ የተሰበሰቡ ብርቅ የእጅ ጽሑፎች ያሉበት የክራሺንስኪ ቤተ መጻሕፍት ሕንፃ፣ ውሉ ከተፈረመ በኋላ በኦክቶበር 1944 ሆን ተብሎ ተቃጠለ፤ ለዘመናት የተጻፈው በሰዓታት ውስጥ ዐመድ ሆነ። የከተማው ሕዝባዊ ቤተ መጻሕፍትም ጀርመኖች ሊወጡ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው በእሳት ጠፋ። ከታሸጉት ሣጥኖችም ወደ ምዕራብ ተጭነው የሄዱ ነበሩ። ያም ሆኖ ዛሬ በዋርሶ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተማሪ ከሚገልጣቸው አሮጌ መጻሕፍት መካከል፣ በእነዚያ የክረምት ወራት በሰው ጀርባ የወጡ ብዙ ናቸው።

ዋርሶ ጃንዋሪ 17 ቀን 1945 ከናዚዎች እጅ ነጻ ስትወጣ ከሕንፃዎቿ 85 በመቶ ያህሉ ፈርሰው ነበር። ዋና ከተማውን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ይሻላል የሚሉም አልጠፉም። ሎሬንትስ ወዲያው በፈራረሰው ቤተ መዘክር ሥራ ጀመሩ። በሜይ 3 ቀን 1945፣ ማለትም ሕገ መንግሥቱ በጸደቀበት በዓል ቀን፣ ዋርሶ ትከስሳለች የሚል ስም የተሰጠውን ትርኢት ከፈቱ። በአዳራሾቹ የተደረደሩት የተቃጠሉ መጻሕፍት፣ የተቀደዱ ሥዕሎች፣ የተሰባበሩ ሐውልቶች ነበሩ። ብዙ ቤተ መዘክሮች ያማረውንና የተሟላውን ያሳያሉ፤ ይህኛው ግን በተጎዳው ዕቃ ምስክርነት ሰጠ። ገና በፍርስራሽ ምድር ቤት የሚኖረው ሕዝብም እየመጣ አየ።

ከ1945 እስከ 1951 በአገሪቱ ያሉትን ቤተ መዘክሮችና ቅርሶች የሚመራው መሥሪያ ቤት የበላይ ኀላፊ ሆኑ፤ ከ1947 ጀምሮም በዋርሶ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። ወደ ጀርመን ከተጫኑት ሥዕሎች ብዙዎቹ እየተፈለጉ ተመለሱ። ከተመለሱትም መካከል ቤርናርዶ ቤሎቶ የተባለው ኢጣሊያዊ ሠዓሊ በ18ኛው ምዕተ ዓመት የሣላቸው የዋርሶ ጎዳናዎች ሥዕሎች ይገኙበታል። ሠዓሊው እያንዳንዱን መስኮትና የጣራ ጠርዝ በጥንቃቄ ስለ ሣለ፣ የከተማው መሐንዲሶች የጠፉትን ቤቶች መልሰው ሲሠሩ ሥዕሎቹን እንደ ፕላን ተጠቀሙባቸው። የሎሬንትስ የቅርብ ባልደረባ የነበሩት መሐንዲስ ያን ዛህቫቶቪችም በጦርነቱ ጊዜ የአሮጌውን ከተማ ልኬት ሥዕሎች ከዋርሶ አውጥተው በአንድ ገዳም ውስጥ እንዲደበቁ አድርገው ነበር፤ እነዚህም ወጥተው ለሥራ ዋሉ። አሮጌው ከተማና ካቴድራሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተነሡ።

ቤተ መንግሥቱ ግን አልተነሣም። ሸንጎው በ1949 እንዲሠራ ወስኖ ነበር፤ ሆኖም የኮሙኒስቱ መንግሥት መሪዎች በልዩ ልዩ ምክንያት ሥራውን ያዘገዩት ነበር። የነገሥታትን ቤት በሕዝብ ስም የሚገዛ ፓርቲ ለምን ይሥራ የሚል አስተሳሰብም ነበረበት። ለሃያ ዓመታት ያህል በቦታው የሚታየው ባዶ መሬትና ከውድመቱ የተረፈ የግድግዳ ስባሪ ነበር። ሎሬንትስ በእነዚህ ሃያ ዓመታት ጉዳዩን ከማንሣት አልቦዘኑም፤ ይጽፉ፣ ይሟገቱ፣ በየስብሰባው ያነሡ ነበር፤ ስብርባሪዎቹም በቤተ መዘክሩ ዕቃ ቤት ተጠብቀው ነበር። ከ1965 እስከ 1969 በሸንጎው ውስጥ እንደ ራሴ ሆነው መቀመጣቸውንና ከመንግሥቱ ጋር ተስማምተው መሥራታቸውን የሚነቅፉ አሉ። ነቀፌታው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ያን ጊዜ የቤተ መዘክር በር ቁልፍ በመንግሥት እጅ ነበር፤ እርሳቸው ደግሞ ቁልፉን ለሌላ ትተው መሄድን አልመረጡም።

ይህ ክርክር በሚካሄድበት ዘመን ከእኛ አካባቢ ጋር የሚገናኝ አንድ ሥራ በቤተ መዘክሩ ተከናወነ። ግብጽ የአስዋንን ታላቅ ግድብ ስትሠራ በሱዳንና በግብጽ ድንበር ያለው የኑብያ ምድር በውኃ ሊሸፈን ሆነ። የሎሬንትስ ምክትል የነበሩት የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪ ፕሮፌሰር ካዚሚዬርዝ ሚሃዎፍስኪ ከ1961 እስከ 1964 በሱዳን በኩል በፋራስ ቆፈሩ፤ በአሸዋ ተሞልቶ የቆየ የጥንት ካቴድራልም አገኙ። በግድግዳዎቹ ላይ ከ8ኛው እስከ 14ኛው ምዕተ ዓመት ድረስ የተሣሉ ከ120 በላይ ሥዕሎች ነበሩ። የመላእክት አለቆች፣ ጣቷን በከንፈሯ ላይ ያኖረች ቅድስት ሐና፣ በስተ ኋላው ሐዋርያው ጴጥሮስ ቆሞ የሚጠብቀው ጥቁሩ ጳጳስ ጴጥሮስ ይታዩ ነበር። ሥዕሎቹ ከግድግዳው በጥበብ ተላጥተው ከውኃው በፊት ወጡ፤ ከፊሎቹ በካርቱም ቀሩ፣ ከ60 በላይ የሚሆኑት ደግሞ በስምምነት ወደ ዋርሶ ሄዱ። በ1972 በብሔራዊ ቤተ መዘክር የፋራስ አዳራሽ ተከፈተ።

የኑብያ ቤተ ክርስቲያን እንደ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ጳጳሳቷን ከእስክንድርያ መንበር ትቀበል የነበረች፣ በኋላ ግን የጠፋች እኅታችን ናት። ካቴድራሏን የሸፈነው ውኃም አብዛኛው ከጣና ወርዶ የሚሄደው የእኛው ዐባይ ነው። የኑብያን ጳጳስ ፊት በቪስቱላ ወንዝ ዳር ማየት ለአንዳንዱ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል፤ የራሷ ካቴድራል በፈረሰባት ከተማ የሌላው ሕዝብ ካቴድራል ማረፊያ ማግኘቱ ግን ተገቢ ሆኖ ይታየናል። በ2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የካርቱም ብሔራዊ ቤተ መዘክር መዘረፉን ሰምተናል። ሎሬንትስ ቢሰሙት ነገሩ አዲስ አይሆንባቸውም ነበር። እርሳቸው ራሳቸው በጦርነት ጊዜ ቅርሶችን ለመጠበቅ በ1954 በሄግ የጸደቀውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ካዘጋጁት ባለሙያዎች መካከል ነበሩና።

በመጨረሻ ጃንዋሪ 1971 አዲሶቹ የአገሪቱ መሪዎች ቤተ መንግሥቱ እንዲሠራ ፈቀዱ። ገንዘቡ ከሕዝብ መዋጮ ነው የመጣው፤ በአገር ውስጥ ያለውም በውጭ የተበተነውም ፖላንዳዊ ሰጠ፤ ብዙዎችም በጉልበታቸው በነጻ ሠሩ። ሎሬንትስ በሥራው አመራር ውስጥ ነበሩ። የበር መቃኖቹ፣ ምድጃዎቹ፣ የተቀረጹት እንጨቶች ከሠላሳ ዓመት በላይ ከተኙበት ዕቃ ቤት ወጥተው በየቦታቸው ገቡ። ጠራቢውና ጠራቢው መካከል የሁለት መቶ ዓመት ልዩነት ቢኖርም አዲሱ ሥራ ከአሮጌው ስባሪ ጋር ተገጣጠመ። ያ የግድግዳ ስባሪም በአዲሱ ሕንፃ ውስጥ ተካተተ። ጁላይ 19 ቀን 1974 የማማው ሰዓት በ1939 ከቆመበት ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከሩብ ተነሥቶ መቁጠር ጀመረ። እንዲህ ያለው ሕንፃ ቅርስ ነው ወይስ የቅርስ ምስል የሚል ክርክር በባለሙያዎች ዘንድ ተነሥቷል፤ የባህል ጉዳይ የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግን ዳግመኛ የተሠራውን አሮጌ ከተማ በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

የሎሬንትስ የዳይሬክተርነት ዘመን ያበቃው በክብር ስንብት አልነበረም። በዲሴምበር 1981 በፖላንድ ወታደራዊ አገዛዝ ታወጀ፤ ሶሊዳርኖሽች የተባለው ነጻ የሠራተኞች ማኅበርም ታገደ። ሎሬንትስ ማኅበሩን ይደግፉ ስለ ነበር በ1982፣ በ83 ዓመታቸው፣ ከሹመታቸው ተነሡ። ቤተ መንግሥቱ በ1984 ለሕዝብ ሲከፈት ዳይሬክተር አልነበሩም። ቤት ተቀምጠው ስለ ቤተ መንግሥቱ የተደረገውን ትግል ታሪክ ጻፉ፤ መጽሐፉም በ1986 ታተመ።

የኮሙኒስቱ አገዛዝ በ1989 ወደቀ። ዲሴምበር 22 ቀን 1990 በሕዝብ የተመረጡት ፕሬዚዳንት ሌህ ቫዌሳ፣ ከጦርነቱ ጀምሮ በለንደን ሲጠበቅ የኖረውን የፕሬዚዳንትነት ዓርማ ከመጨረሻው የስደት ፕሬዚዳንት እጅ ተቀበሉ። ሥነ ሥርዓቱ የተከናወነው በዚያ ከፍርስራሽ በተነሣው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር። ሎሬንትስ ያን ጊዜ 91 ዓመታቸው ነበር። ሕገ መንግሥቱ በቤተ መንግሥቱ የጸደቀበት 200ኛ ዓመት ሰባት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ ማርች 15 ቀን 1991 በዋርሶ ዐረፉ።